ከኮርቻው ስር ያለ ገጣባ
ያገለገለ የቤት መኪና ስለ መግዛትና ስለ መያዝ



ከመካከላችሁ ፈረስ ገዝቶ የሚያውቅ፣ ወይም አባቱ ሲገዛ አጠገቡ ቆሞ ያየ ስንት ሰው አለ? እጃችሁን ባታወጡም መልሱን አውቀዋለሁ። ይህ አዊ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየበት፣ ጥር 23 ቀን የእንጅባራ ሜዳ በፈረስ ኮቴ የሚናወጥበት አገር ነው። ስለዚህ ነገሬን ከምታውቁት ልጀምር።

ፈረስ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው፣ ሻጩ «ገና ልጅ ነው» ስላለው ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ኮርቻውን ያስወርድና ጀርባውን ይዳብሳል፤ ከኮርቻው ስር ገጣባ ሊኖር ይችላልና። ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል። አስጋልቦ ትንፋሹን ያዳምጣል። ዋጋ የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይኸው ሰው፣ ወይም የዚሁ ሰው ልጅ፣ የብዙ ፈረስ ዋጋ ይዞ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ግን የሚያየው ቀለሟን ነው። ደላላው «የዶክተር መኪና ናት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ ነው የነዳት» ሲለው ያምናል። ያ ዶክተር ስንት መኪና እንደነበረው እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዛሬው ዲስኩሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ያገለገለች መኪና ቤተሰብን የምታከስረው በማርጀቷ አይደለም። ሕመሟን ቀድማ ስትናገር የሚሰማት በማጣቷ ነው። ፈረስ መስማት የሚያውቅ ሕዝብ ደግሞ መኪና መስማት አያቅተውም።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ የሚያስፈልገን በሌላም ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አቅጣጫው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። ይሁን እንጂ የዳንግላ መምህር ወይም የእንጅባራ ነጋዴ ዛሬ ቆጥቦ የሚገዛው ሃያ ምናምን ዓመት የሞላት ኮሮላ፣ ቪትስ ወይም ያሪስ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ለቁርጥራጭ ብረት የምትሸጥ መኪና እኛ ዘንድ የቤት ጥሪት ናት። ጥሪት ደግሞ ይያዛል እንጂ አይጣልም።

እንግዲህ ከገበያው እንጀምር።

የመኪና ጥርስ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ነው። ችግሩ መቁጠሪያው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሙያተኛ በአንድ ሰዓት ይቀንሰዋል። ስለዚህ የማይቀነሰውን እዩ። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ መሪው እጅ በዝቶበት ካብረቀረቀ፣ የሹፌሩ ወንበር ከሰመጠ፣ መቁጠሪያው 80,000 ቢልም አትመኑት።

የመኪና ገጣባ ስቱኮ ነው። የተጋጨ አካል በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ሲቀባ ከአዲሱ በላይ ያምራል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሮቹና በፓራፋንጎው ላይ አስኪዱ፤ ብረቱን ይይዛል፣ ስቱኮውን ግን አይዘውም። በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ትንፋሿን ለመስማት በጠዋት ሂዱ። ለሻጩም «ሳልመጣ እንዳታስነሣት» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ፣ ሻጩ ቀድሟችኋል፤ ሞተር አሙቆ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደብቀው አለው። የእንጅባራ የጠዋት ብርድ እንደሆነ አያደላም፤ የደከመ ባትሪም፣ የደከመ ሞተሪኖም፣ የናፍጣ ከሆነች የተቃጠለ ካንዴሌታም ያጋልጣል። ስትነሣ ጭሷን እዩ። ጭሷ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል ወይም አየር አጥሯታል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ጥቂት ቢታይ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውሃ ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከውስጡ ወተት የገባበት ሻይ የሚመስል ነገር ካያችሁ፣ ዘይትና ውሃ ተቀላቅለዋል ማለት ሊሆን ይችላልና መካኒክ ሳያየው ገንዘብ አትክፈሉ።

ወረቀቱም ገጣባ አለው። ብዙ ሰው መኪና በውክልና ገዝቶ ስም ሳያዞር ዓመታት ይነዳል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው ቀሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከወራሾች ጋር መነጋገር ሊመጣ ነው። ሻጩም ቢሆን እፎይ አይበል። በዚሁ ሕግ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ ተጠያቂ ነውና። ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኗን አጣሩ፣ ስም አዙሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን አትዝለሉ። ዓመታዊውን ቦሎ ደግሞ እንደ ጤና ምስክር አትቁጠሩት። ቦሎ መኪናዋ በምርመራው ዕለት እንዴት እንደነበረች እንጂ በማግስቱ እንዴት እንዳደረች አይናገርም።

አንድ ምክር ልጨምርና ወደ አያያዙ ልሂድ። ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለመግዣ አታውሉ። እኔ ከአሥር እጅ አንዱን አስቀሩ እላለሁ። ያገለገለች መኪና የቀድሞውን ባለቤት ቸልታ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ያንን ዕዳ ደግሞ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሻጩ «ሰሞኑን ነው የተቀየረው» ቢልም የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ የፍሬን ዘይቱን በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የምታውቁት የራሳችሁን ነው።

አሁን ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለሌላው የምመክር እኔ፣ ሞተር ያቃጠልኩ ሰው ነኝ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ያገለገለች ኮሮላ ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ከቆመችበት ስር ሳንቲም የምታህል እርጥበት አይ ነበር። የራዲያተሩ ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት ላልቶ ነው። አውቀዋለሁ፤ «ነገ አጠብቀዋለሁ» እላለሁ፤ ውሃ ጨምሬ እሄዳለሁ። ነገ ስል ሁለት ወር ሞላኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ለዘመድ ሠርግ ባለቤቴንና አማቼን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመርኩ። አማቼ የባንጃ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፈረስ ላይ ያሳለፉ፣ መሪ ጨብጠው የማያውቁ። ከደጀን ወርደን የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ስንጀምር ባለቤቴ «አንድ ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል» አለች። «ከውጭ ነው» አልኳት። ጥቂት ሄደን እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ተትጎለጎለ። ቆምኩ። የጀሪካን ውሃ አነሣሁ።

አማቼ ከኋላ ወንበር ወርደው መጡና እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ከግልቢያ የመጣ ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

«አባባ፣ ይሄ ፈረስ አይደለም» አልኳቸው።

ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ስከፍተው የፈላው ውሃ ተስፈንጥሮ ክንዴን ላጠኝ። እሱም አላስተማረኝም፤ ትንሽ ጠብቄ የጀሪካኑን ውሃ ገለበጥኩበት። ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰነጠቀ። ሠርጉ አመለጠን፤ መኪናዋ ተጎትታ ወጣች፤ ሞተር ወርዶ ቴስታታና ጓርኒሲዮን ተቀየረ። የወጣውን ወጪ ዛሬም ባለቤቴ ፊት አልናገረውም። ሁሉም የመጣው በአንዲት ካቻቢቴ በሁለት ደቂቃ ከምትጠብቅ ቀለበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ ክንዴን ይዤ መንገድ ዳር ስቀመጥ ነው።

የራዲያተር መፍላት በእኛ አገር ለምን እንደሚከፋ ልንገራችሁ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ባልን ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለችው እንጅባራ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ደህና ሞተር ደግሞ ሲሠራ ሙቀቱ 90 ገደማ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት አምቆ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ቱቦው ሲያንጠባጥብ ግፊቱ ያመልጣል፤ ጎረቤታችሁ በቆላ የማይገጥመው መፍላት እናንተን በአቀበት ይገጥማችኋል። ስለዚህ የወንዝ ውሃ ሳይሆን ፀረ-ቅዝቃዜ የተቀላቀለበት የራዲያተር ውሃ ተጠቀሙ፤ የመፍላት ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ባለቤቴ የሸተታት ጣፋጭ ሽታም እሱ ነው። ሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ካለ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ጠብቁ። እስኪበርድ ክዳኑን አትንኩ።

ከፍታው ሌላም ነገር ይወስዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሳስቷልና። መኪናችሁ አቀበት ላይ ብትለግም ሁልጊዜ ታማ አይደለም። ማርሽ ቀንሱላት እንጂ ቤንዚን አትርገጡባት። ግን ያቺኑ ጥቂት አየር የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተዘግቶ ከነጠቃት ሕመሙ የእናንተ ነው። በበጋ አቧራ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመላለስ ሰው የአየር ፊልትሮውን በየወሩ አውጥቶ ይመልከት።

ቁልቁለቱም ትምህርት ቤት ነው። የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ገና ከደጀን ስትነሡ ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዛት፣ እግራችሁን ለሚያስፈልገው ጊዜ አቆዩት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። የፍሬን ሸራ እስከሚያልቅ አይጠበቅም፤ ሲፉጭ እየተናገረ ነው።

ሌላው የአገራችን ባሕርይ ዝናቡ ነው። የኛ ክረምት እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው። ጭቃው ከታች ገብቶ ይቀመጥና ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ላቫጆ ስትገቡ ከላይ አብረቅርቁልኝ ከማለታችሁ በፊት ከታች አጥቡልኝ በሉ። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ ንኩት፤ ይድረቅ። የመስታወት መጥረጊያውን በግንቦት ቀይሩ፤ በሐምሌ ጉም ውስጥ ማለቁን ከማወቅ ይሻላል። መብራታችሁንም እዩ። በምሽት ከአዲስ ቅዳም ወደ ዳንግላ ስትሄዱ ከሰል የጫነ አይሱዙ፣ መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ መንጋ ያጋጥማችኋል። እነሱ መብራት ከሌላቸው የእናንተ መብራት የሁለታችሁም ነው።

ስለ ጎማ ጥቂት። ጎማ ገጽታው ቢያምርም ያረጃል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ታውቃላችሁ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎሚስታው ዘንድ ስትሄዱ «ሙላልኝ» ብቻ አትበሉ። የሹፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን የጎማ ግፊት ቁጥር አንብቡና ንገሩት። ስኮርታውንም አስነፉ፤ ብዙ ሰው ስኮርታው መተንፈሱን የሚያውቀው በሚያስፈልገው ሌሊት ነው።

ነዳጅስ? በሃይላንድ ኮዳ የሚሸጥ ቤንዚን ከየት እንደተቀዳ፣ ምን እንደተጨመረበት ማን ያውቃል? ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የገባበት ነዳጅ ፖምፓውንና መርጫውን ያበላሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ማደያ ሲገኝ ታንኩ ከግማሽ እንዳይወርድ አድርጉ። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ መኪናችሁን ለሳምንታት ያቆማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቆሞ የሚውል ፈረስ እንደሚሰንፍ መኪናም ትሰንፋለች። ባትሪውን ንቀሉ ወይም በሳምንት አንዴ አስነሥታችሁ ጥቂት አንቀሳቅሷት፤ የእጅ ፍሬኑን ለቅቃችሁ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ፣ ፍሬኑ ዝጎ እንዳይጣበቅ።

አሁን ወደ መካኒኩ። ጋራዦቻችን የሚናገሩት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ፍሬቻ። ቃሉን ባታውቁ ግን አትፈሩ፤ የእናንተ ሥራ የሕመሙን ስም መንገር አይደለም። ምልክቱን ተናገሩ። «ካምቢዮዋ ተበላሽታለች» አትበሉት። «ጠዋት ስትነሣ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ፣ ይንኳኳል» በሉት። መቼ፣ የት፣ ስትሞቅ ነው ወይስ ስትበርድ። ጥሩ መካኒክ ከዚህ ይነሣል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በሉ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ማስመጣት ነውር የለበትም፤ ለበርና ለመብራት ደህና ነው። ለፍሬን ሸራ፣ ለቺንጋና ለመሪ ዕቃ ግን አሮጌ አትግዙ።

ቺንጋን ካነሣሁ፣ የድሮዎቹ ኮሮላዎች የታይሚንግ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ሲበጠስ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ሕመሙን በዝምታ ይዞ ከሚሄድ ጥቂት ነገር አንዱ እሱ ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ የምትነዱት በአብዛኛው ከቤት እስከ ገበያ ብቻ ከሆነ ከዚያም ቀድማችሁ ቀይሩ፤ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ዘይቱን ቶሎ ያቆሽሻል።

ይህን ሁሉ ማን ያስታውሳል? ደብተር ያስታውሳል። የተማሪ ደብተር ግዙና መኪናዋ ውስጥ አኑሩ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የተከፈለው ብር፣ የሰማችሁት ድምፅ ይጻፍበት። በዓመቱ መጨረሻ ስትደምሩት መኪናዋ በወር ስንት እንደምታስወጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ነው የሚከስረው። የምትሸጡ ዕለትም ደብተሩ ከደላላው ዶክተር ይልቅ ይመሰክርላችኋል።

ደግሞም የቤት መኪና የአባወራው ብቻ አይደለችም። ባለቤታችሁ የሸተታትን ስሙ፤ የኔዋ ትክክል ነበረች። ልጃችሁ «አባዬ፣ ከስሯ ውሃ አለ» ካለ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ትንሽ ዓይን ለመሬት ይቀርባል።

አማቼ ከዚያ የዓባይ ጉዞ በኋላ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እኛ ዘንድ ሲያድሩ ግን ጠዋት ጠዋት ከደጅ ቆመው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ቁልፍ ይዤ ስወጣ አንድ ቃል ብቻ ይጠይቁኛል፦ «አየሃት?»

አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከስሯ ያለውን መሬት፣ አራቱን ጎማ፣ ከኮፈኑ ስር ዘይቷንና ውሃዋን፣ ከዚያ መብራቷን። ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ለራሳችሁ ይህንኑ ጠይቁ። ካላያችኋት ቁልፉን ኪሳችሁ መልሱትና ኮፈኑን ክፈቱ።